ሁዳዴ፣ ገበታና ሳምንታዊው መርፌ፦ የዘጠኝ ወር ማስታወሻ

ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሴማግሉታይድ መርፌ ሆዴ ላይ ስወጋ ክብደቴ 104 ኪሎ፣ ቁመቴ 172 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ያለፉትን ወራት የደም ስኳር የሚያሳየው የኤዋንሲ ምርመራ ውጤትም 6.2 በመቶ ደርሶ ነበር። የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሲሆን ሥራዬ ታክሲ መንዳት ስለሆነ አብዛኛውን ቀን ተቀምጬ አሳልፋለሁ። የታዘዘልኝ ዌጎቪ በሚል ስም የሚሸጠውና የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 እ.ኤ.አ. ለክብደት መቀነሻነት የፈቀደው ነው። የጤና መድኔ መጀመሪያ አልከፍልም ብሎ፣ ከሐኪሜ ደብዳቤ በኋላ ነው የተቀበለው።

ሴማግሉታይድ ምግብ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን ሥራ ይሠራል፤ አንጎል ጥጋብ እንዲሰማው ያደርጋል፣ ምግብም ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል። መጠኑ ከ0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየአራት ሳምንቱ ወደ 0.5፣ 1፣ 1.7 እና እስከ 2.4 ከፍ ይላል። ሐኪሜ መድኃኒቱን ከማዘዛቸው በፊት በቤተሰቤ ውስጥ ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው መኖሩን፣ እኔም የቆሽት (ፓንክሪያስ) መቆጣት አጋጥሞኝ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ይህን ሳይጠየቁ ከወዳጅ እጅ መርፌ የሚቀበሉ ሰዎችን ስለማውቅ ነው ማንሳቴ።

የመጀመሪያው ወር ቀላል ነበር፤ ረኃቡ ቀነሰ። ያልቀነሰው ከገበታ ዙሪያ የሚበላው ነበር። ከአንድ ትሪ አራት ሆነን ስንበላ እኔ ምን ያህል እንደበላሁ ፈጽሞ አላውቅም ነበር፤ ጨዋታው እስካለ እጄም ይመላለሳል፣ ጉርሻው ሲመጣ ደግሞ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። ስለዚህ ባለቤቴ ግማሽ እንጀራ በተለየ ሳህን ታቀርብልኝ ጀመር። አማቴ ይህን ሲያዩ «ልጄ፣ ምን በደልንህና ከገበታው ሸሸህ?» አሉኝ፤ ሕክምና መሆኑን ባስረዳቸውም ለሁለት ሳምንት ያህል አኩርፈውኝ ነበር። በመጨረሻ የደረስንበት ስምምነት ሳህኔን ይዤ ከገበታው እንድቀመጥና ከእሳቸው እጅ አንድ ጉርሻ ብቻ እንድቀበል ነው። የቡናውንም ሂሳብ ያን ጊዜ ሠራሁ፦ ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ስጨምር 24 ግራም ያህል ይሆናል። አሁን ያለ ስኳር እጠጣለሁ፤ ለመልመድ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ከባዱ ሁዳዴ ነበር። ጾሙ የካቲት 17 ገባ፣ መጠኑ ወደ 1 ሚሊ ግራም ያደገው ደግሞ ሰኞ መጋቢት 1 ነው። ማክሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ውዬ በዘይት የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ሦስት በላሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰኝ አደረ። ጨጓራው ቀድሞውኑ በዝግታ ስለሚሠራ ቅባት የበዛበት ምግብ ይከብደዋል፣ በባዶ ሆድ ከዋለ በኋላ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ደግሞ ይብሳል። በየሳምንቱ የጻፍኩትን ማስታወሻ መልሼ ሳነብ ማቅለሽለሹ የሚበረታው ከመርፌው በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት እንደሆነ አየሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከፍስክ ምግብ ብንከለከልም እህል ውኃ ሳይቀመስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይዋልም። በሁለት መርፌዎች መካከል ቢያንስ 48 ሰዓት ካለ የመርፌውን ቀን መለወጥ ስለሚቻል፣ ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ ከሰኞ ወደ ዓርብ ምሽት አዛወርኩት። የንስሐ አባቴም በሌሎቹ ቀናት የጾሙን ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አሳጠሩልኝ። ከዚያ በኋላ አላስመለሰኝም። የሆድ ድርቀቱ ግን ቀጥሎ ነበር፤ ብዙ ውኃና የተልባ ጭማቂ ረድተውኛል።

የፕሮቲን ነገር ሌላ ትምህርት ሆነብኝ። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ከስብ ጋር ጡንቻም ስለሚሄድ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ በቀን 90 ግራም እንድበላ ነገረችኝ። በትንሽ ሆድ፣ በዚያ ላይ በጾም፣ ይህን መሙላት ቀላል አይደለም፤ አንድ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር የሚሰጠው ዘጠኝ ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ወጡን አስቀድሜ እንጀራውን ወደ ኋላ አደረግሁ፣ ሽሮውን አወፈርኩት፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉንም በአዋዜ እንደ ጥብስ ጠብሼ በላሁ። ልጆቼ ሳቁብኝ፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን በላስቲክ ገመድ የጡንቻ እንቅስቃሴ እሠራለሁ፣ ተሳፋሪ በማይኖርበት ሰዓትም መኪናውን አቁሜ ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ።

በፋሲካ ዋዜማ 96 ኪሎ ነበርኩ። በበዓሉ ሳምንት አንድ ኪሎ ጨመርኩ፤ ዶሮ ወጡን አልተውኩም፣ ወደፊትም አልተውም። ዛሬ፣ ጥቅምት 2018፣ 89 ኪሎ ነኝ፤ ኤዋንሲውም 5.6 ሆኗል። ይህ 14 በመቶ ያህል መቀነስ ሲሆን መድኃኒቱ በተፈተነበት ትልቅ ጥናት ተሳታፊዎች በ68 ሳምንት በአማካይ ከቀነሱት 14.9 በመቶ ብዙም አይርቅም። ሐኪሜ 2.4 ሳልደርስ 1.7 ላይ እንድቆይ ወስነዋል።

የሚያሳስበኝ ማቆሙ ነው። የዚያው ጥናት ተሳታፊዎች መድኃኒቱን ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመዘኑ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ነበር። «መቼ ነው የምትተወው?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደውን ሰው እንዲህ ብላችሁ ትጠይቁታላችሁን እላቸዋለሁ። ለጊዜው ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ የዓርቡን መርፌ እንዳለ አቆይቼ፣ ሳምቡሳው በምድጃ ሙቀት ብቻ፣ ያለ ዘይት ይበስል እንደሆነ ከባለቤቴ ጋር እየሞከርን ነው። ሁለት ጊዜ ደርቆብናል።