ሱዶ ፒፕ ኢንስቶል ማለት ይቅርብን

ትናንት ማታ አንድ የፖሊ ግቢ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ ቤት መጣ፣ "ጋሼ ይሄ ፓይተን ተበላሽቷል መሰለኝ" ይላል። ኡቡንቱ 24.04 (ሊኑክስ) ነው የጫነው፣ ዋይቲ ዲኤልፒን (የቪዲዮ ማውረጃ ቱል ነው) በፒፕ፣ ማለትም በፓይተን ፓኬጅ መጫኛው፣ ሊያወርድ ሲል "ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮመንት" የሚል ረጅም ኤረር ተዘረገፈበት። የዶርም ጓደኛው ደግሞ "ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ" የሚለውን ጨምርበትና ያልፍልሃል ብሎታል። ስሙ ራሱ እኮ ሲስተሙን ስበረው ነው የሚለው! ሳያደርገው ስለመጣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ምንም አልተበላሸም። ኡቡንቱ ውስጥ ብዙ ነገር ራሱ በፓይተን የተጻፈ ነው፣ እነሱን የሚያስተዳድረው ደግሞ የኡቡንቱ የራሱ መጫኛ አፕት ነው፣ ፒፕ ከጎን ገብቶ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን የተዘጋጀ ኮድ) ሲቀያይር ሁለቱ ይጋጫሉ። ለዛ ነው ከ2023 ጀምሮ ኡቡንቱ 23.04 እና ዴቢያን 12 (ሌላው ሊኑክስ) ፒፕ በቀጥታ ሲስተሙ ላይ እንዳይጭን በሩን የዘጉት። እኔ ይሄ በር ሳይዘጋ በፊት ነው የተቃጠልኩት። ሁለት ቱሎች በሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚሰጠው ትዕዛዝ) ፒፕ ጭኜ ነበር፣ ሁለተኛው ሲገባ አንዱን ላይብረሪ ወደ አዲስ ቨርዥን ከፍ አደረገውና የመጀመሪያው ቱል አልነሳም አለ፣ ያውም በማግስቱ ጠዋት ለደንበኛ ሥራ ላስረክብ ስል ነው። ከጣና በኩል ጎህ ሲቀድ እኔ ገና ኤረር እያነበብኩ ነበር።

መፍትሄው ፒፕኤክስ ነው፣ የፓይተን ቱሎችን ለየብቻ የሚጭን። በአፕት ትጭነዋለህ፣ "ፒፕኤክስ ኢንሹር ፓዝ" ትላለህ፣ ተርሚናሉን ዘግተህ ትከፍታለህ፣ አለቀ። ለእያንዳንዱ ቱል የራሱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ከሌላው የተከለለ ቦታ) ይሠራለታል፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው ትዕዛዙን ብቻ ነው፣ ሆምህ ውስጥ ሎካል ስር ባለው ቢን ፎልደር። ስታጠፋውም ከነላይብረሪዎቹ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ፒፕ ግን ቱሉን ብቻ አጥፍቶ አብረውት የመጡትን እዛው ይተዋቸዋል። ኮድህ ውስጥ ኢምፖርት የምታደርገው ላይብረሪ ከሆነ ግን ፒፕኤክስ አይሆንም፣ ለፕሮጀክትህ ኢንቫይሮመንት ሠርተህ እዛ ውስጥ በፒፕ ጫን።

በካርጎ (በራስት ቋንቋ መጫኛ) የምትጭኑ ልጆች ደግሞ ይቺን ስሙኝ። ካርጎ ኢንስቶል ሶርስ ኮዱን አውርዶ እዚሁ ማሽንህ ላይ ነው ኮምፓይል የሚያደርገው፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው። ሪፕግሬፕን (ፋይሎች ውስጥ ጽሑፍ የሚፈልግ ቱል) እንደዛ ስጭን መሀል ላይ መብራት ጠፋ፣ ባትሪዬ ደግሞ ካረጀ ቆይቷል፣ ሲመለስ ከዜሮ ጀመረ። ዳታው አልባከነም፣ የወረደው ሶርስ ካርጎ ሆም ውስጥ ይቀመጣል፣ የጠፋው የኮምፓይሉ ሥራ ነው ምክንያቱም ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ ቴምፕ ይጸዳል። አሁን ካርጎ ታርጌት ዲር የሚባለውን ቫሪያብል ሆሜ ውስጥ ወዳለ ፎልደር ስላዞርኩት መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል። (ሪፕግሬፕ ለነገሩ አፕት ላይም አለ፣ የግድ አዲሱን ካልፈለክ ከዛ ውሰደው።)

ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት መጫኛው) ላይ ግሎባል ስትጭን ፐርሚሽን ከከለከለህም ሱዶ አትበል፣ ፕሪፊክሱን (የሚጭንበትን ቦታ) ሆምህ ውስጥ ወዳለ ፎልደር ቀይረው። ከተጫነ በኋላ "ኮማንድ ኖት ፋውንድ" ሲልህ ደግሞ ቶሎ አልተጫነም ብለህ ደግመህ ዳታ አትጨርስ፣ ብዙ ጊዜ የፓዝ (ተርሚናሉ ትዕዛዝ የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ጉዳይ ነው፤ የካርጎው ካርጎ ስር፣ የጎ ቋንቋው ጎ ስር ያለው ቢን ፎልደር ፓዝህ ላይ መኖሩን እይ።

ልጁ በፒፕኤክስ ጭኖ እየሠራለት ሊወጣ ሲል ሌላም ቱል ልጫን ብሎ ስሙን በቃሉ መጻፍ ጀመረ፣ እጁን ያዝኩት። አንድ ፊደል ብትስት የማታውቀው ሰው ሆን ብሎ በተመሳሳይ ስም ያስቀመጠው ኮድ ሊገባብህ ይችላል፣ ይሄ በፒፕም በኤንፒኤምም ስንቴ የታየ ነገር ነው። የቱሉን ገጽ ከፍቶ ስሙን ከዛ ኮፒ አደረገ።