ያለ ሞት የተጠራ እድር

ኮ-ፋውንደር፣ ማለትም ድርጅት አብሮኝ የሚመሠርት ሰው፣ ፍለጋ ከጀመርኩ ወዲህ የገጠመኝ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሐሳብ ሞልቶታል፣ ኮድ አይጽፍም። ሁለተኛው ኮድ ይጽፋል፣ ቱሉ ዲምቱ ድረስ አይመጣም። "እሱ አዲስ አበባ ነው እንዴ?" ይሉኛል። ነው እንጂ! የአዳማው ፈጣን መንገድ እስኪጀምር ድረስ እኮ አዲስ አበባ ነው።

የምሠራው ለፕሮግራመሮች የሚሆን የዳሰሳ መጠይቅ ሶፍትዌር ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን ፕሮግራመር ፎርም ሲያይ ይሸሻል። ድረ ገጽ ላይ ብቅ የምትል መጠይቅ ብታስቀምጥለት የማስታወቂያ ማገጃው ገና ሳያያት ይጥላታል። ስታክ ኦቨርፍሎው፣ ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበት ድረ ገጽ፣ ከፈረንጆቹ 2011 ጀምሮ በየዓመቱ ይጠይቃቸዋል፤ በፈረንጆቹ 2024 ከ65,000 በላይ መልሰውለታል። እሱ ስታክ ኦቨርፍሎው ስለሆነ ነዋ! ለእኔ ማን ይመልስልኛል? ስለዚህ የእኔ መጠይቅ እንደ ኮድ በፋይል ይጻፋል፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊት ላይ ይቀመጣል፣ መልሱም እዚያው ትእዛዝ በሚጽፉበት ጥቁር መስኮት፣ ተርሚናል ላይ ይሰጣል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ በኤስኤምኤስ ይሄዳል። የአገራችንን ነገር እናውቀዋለን።

"ለምን ብቻህን አታቋቁመውም?" የሚሉኝ አሉ። ሕጉስ ፈቅዷል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ስንቱ ሚስቱን ወይ እናቱን ለስሙ ያህል አባል አድርጎ አልፏል። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ግን ባለ አንድ አባል ማኅበርን አመጣ። የእኔ ችግር ስለ ስታርታፕ፣ ማለትም ስለ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች፣ የሚጽፈው ፖል ግራሃም ነው። ሰውየው በፈረንጆቹ 2006 ስታርታፕ የሚገድሉ 18 ስህተቶችን ሲዘረዝር አንደኛ ያደረገው ብቻውን የሚመሠርተውን ነው። እሱን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በስንት ልመና አንድ የባክኤንድ ልጅ፣ ከገጹ ጀርባ ያለውን ኮድ የሚጽፍ፣ ከለቡ ተነስቶ መጣ። መብራትም ነበረ፤ ይህ ራሱ ጥሩ ምልክት መሰለኝ። ሻይ ሳቀርብ ልጁ ሲስተሙን እየነካካ ነው። ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። አንድ ያልነገርኩት ነገር ግን ነበር። ለሰፈራችን እድር በነጻ መልእክት የምልክላቸው በዚሁ ሲስተም ነው። ጡሩንባ ነፊው አራተኛ ፎቅ መውጣት ሰልችቶት ሥራውን ትቷል። አሁን ሰው ሲሞት "እድር" ከሚል ላኪ መልእክት ይደርሳቸዋል፤ እከሌ አርፈዋል፣ ቀብር በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ ላኪ ሌላ ነገር መጥቶላቸው አያውቅም።

ልጁ "ሙከራ" የሚለውን ዝርዝር ትቶ "አባላት" የሚለውን መረጠ። ከዚያ "ላክ" አለ።

የሄደችው ጥያቄ ይቺ ናት፦ "ሌሊት ሰርቨር ወድቆ ብታገኘው መጀመሪያ ለማን ትደውላለህ?"

ፕሮግራመር ሰርቨር ወደቀ ሲል ሲስተሙን የሚያሠራው ኮምፒውተር ቆመ ማለቱ ነው። ሻዩን ሳናማስል መልስ መጉረፍ ጀመረ።

"ማን ነው የወደቀው?"

"ሰርቨር ስንተኛ ብሎክ ነው የሚኖረው?"

"ነፍስ ይማር።"

"አንተ እያልክ የምትጽፍልኝ ማን ነህ? አሳዳጊ የበደለህ!"

ልጁ ስክሪኑን እያየ "ሪስፖንስ ሬትህ አሪፍ ነው" አለኝ። የመላሹ ሰው ብዛት ማለቱ ነው። ምን እንደሆነ ገና አልገባውም። እኔ ግን ከታች የብረት ድምፅ ሰምቻለሁ። በመስኮት ባይ ጥበቃው የድንኳኑን ቋሚዎች ከመጋዘን እያወጣ አስፋልቱ ላይ ይወረውራል። ኳ! ኳ! ሁለት እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ደረጃው እየመጡ ነው። አንደኛዋ እጃቸው ላይ ድስት አለ። ንፍሮ መሆኑን ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም።

እየሮጥን ወረድን። የእድሩ ዳኛ ካፖርታቸውን ደርበው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ የሞተ ሰው የለም" አልኳቸው።

"ታዲያ ማን ነው የወደቀው?"

"ኮምፒውተር ነው።"

"የማን ኮምፒውተር?"

"የማንም አይደለም፤ ጥያቄ ነው።"

ትንሽ አሰቡ። "የማንም ካልሆነ ማን ላይ ወደቀ?"

ለዚህ እስካሁን መልስ የለኝም። ድንኳኑ ግን ግማሹ ቆሟል፣ ወንበሩ ወጥቷል፣ ንፍሮውም በስሏል። ሰው ተቀመጠ። ቡና ተፈላ። ያልመጣ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ለመደበኛ ስብሰባ በቅጣት እንኳ እንደዚህ አይሞላም። ገንዘብ ያዥዋ እትዬ አንድ እፍኝ ንፍሮ ለልጁ ሰጡትና ጀመሩት።

"ከዚህ ልጅ ጋር ሽርክና ልትገባ ነው አሉ። ሥራህን ለቀህ ነው?"

"ለጊዜው በጎን ነው፣ እትዬ።"

"ስንት ትወስዳለህ?"

"ግማሽ በግማሽ ነን።"

"ዛሬ ገብተህ በወሩ ብትወጣስ? እኛ ጋ አዲስ ገቢ ስድስት ወር ሳይሞላው ቤቱ ሰው ቢሞትበት ድንኳን ይተከልለታል፣ እናስተዛዝነዋለን። ብር ግን አይቀበልም።"

አሜሪካኖቹ ይህን ቬስቲንግ ይሉታል። ድርሻህን በአራት ዓመት ቀስ እያልክ ታገኛለህ፤ ዓመት ሳይሞላህ ከወጣህ ባዶ እጅህን ነው። ልጁ እንዳይቀየመኝ ነገሩን በምን ዘዴ እንደማነሳው ሳሰላስል ነበር የሰነበትኩት። እሳቸው በአንድ እፍኝ ንፍሮ ጨረሱት።

"ሌላ ቦታስ አባል ነህ?"

ልጁ ንፍሮውን ማላመጥ አቆመ። "ሦስት ቦታ።"

"ሦስት እድር?"

"አይ፣ ሦስት ስታርታፕ።"

ይህን እኔም ገና መስማቴ ነው! በቴሌግራም ያን ሁሉ ስናወራ አንድም ቀን አልነገረኝም።

"እዚያም ግማሽ ግማሽ ነው?" አሉት። ዝም አለ። እትዬ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። "ከዚህኛው ጋር አራት ግማሽ። አራት ግማሽ ሁለት ሰው ነው። አንተ ደግሞ አንድ ነህ።"

ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ተነሱና ቅጣት ጠየቁ። የእድሩ ደንብ ላይ ስለ ሐሰት ጥሪ የሚል አንቀጽ አልነበረም፤ እዚያው በእጅ ማውጣት ተጨመረ። እኔ 300 ብር ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ "ያለ ሞት ስለጠራ" ይላል፣ ማኅተምም አለው። ልጁ ያኔ ታክሲ እንዳያመልጠው ብሎ ሄዷል።

ማታ ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ላኩለት። "ግማሽ በግማሽ ነን አይደል? 150 ይደርስሃል፤ በቴሌብር ላክልኝ" የሚል ጽሑፍም ጨመርኩበት። መልእክቱን እንዳየው ሁለቱ ምልክቶች ይናገራሉ። እሱም ፕሮግራመር አይደል? አልመለሰም።