ስትርኤንኮፒና «ወለተማርያም»

በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ስገመግም ስትርኤንኮፒ (strncpy፣ ጽሑፍን እስከተወሰነ የባይት ብዛት ድረስ የሚገለብጥ ፈንክሽን) ካየሁ ቆም እላለሁ። ብዙ ሰው «ይሄኛው እንኳን የባይቱን ብዛት ስለሚገድብ ችግር የለውም» ብሎ ያልፈዋል። ስሙ ያሞኛል። የተሠራው በጥንቱ ዩኒክስ (የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ቋሚ ርዝመት ለነበራቸው መስኮች ነው፤ ለምሳሌ ለ14 ባይቱ የፋይል ስም። ስለዚህ ቦታው ከሞላ መጨረሻ ላይ ዜሮ፣ ማለትም በሲ ጽሑፉ እዚህ አለቀ የሚለውን ባይት፣ አያስቀምጥም።

በአማርኛ ሲሆን ይብሳል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። «ወለተማርያም» 21 ባይት ነች። 16 ባይት ባለው በፈር (ለጽሑፉ የተያዘ የሜሞሪ ቦታ) ላይ ስትገለብጣት አምስት ፊደልና የ«ያ» አንድ ሦስተኛ ይገባል። ዜሮ የለም። ስክሪኑ «ወለተማር» ብሎ ይጀምርና አጠገቡ ያለውን ሜሞሪ ይዘከዝከዋል።

እኔ በምትኩ ኤስኤንፕሪንትኤፍ (snprintf) የተባለውን ፈንክሽን ነው የምጠቀመው። ለዜሮው ሁሌም ቦታ ይተዋል። የሚመልሰው ቁጥር (ያለ ዜሮው የሙሉው ጽሑፍ ርዝመት) ከበፈሩ መጠን ካላነሰ ጽሑፉ ተቆርጧል ማለት ነው። (ይህን ቁጥር ሳያዩ የሚያልፉ ሰዎች ያናድዱኛል።)

ፊደሉን ማዳን ግን የራስህ ሥራ ነው። 20 ባይት ብትሰጠው «ም»ን ይሰነጥቃታል። ዋናው ጽሑፍ ላይ መቁረጫው ጋ ያለው ባይት ከ128 እስከ 191 ከሆነ የተጀመረ ፊደል ቀጣይ ክፍል ነውና ወደ ኋላ ሂድ። ከዚያ ውጭ የሆነ ባይት ስታገኝ ዜሮውን በፈሩ ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ አድርግ።