አንድ ጅራት፣ አራት ድምፅ

ዛሬ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ቡናዬን ፉት እያልኩ የእህቴ ልጅ የቤት ሥራውን ይዞ ከተፍ አለ። ባለ አምስት ፊደል ሆነው በኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚያልቁ የእንግሊዝኛ ቃላት ፈልግ ተብሏል። ቀላል ነው ብዬ ገባሁበት። ራፍ፣ ታፍ አልኩት፤ ሳል ደግሞ ኮፍ። "ጋሼ፣ ታዲያ ሊጥ ለምን ዶው ይባላል?" ሲለኝ ዝም። የዛፍ ቅርንጫፉማ ጭራሽ ባው ነው!

ነገሩ ድሮ ጂ ኤቿ ወደ ኸ የምትጠጋ የጉሮሮ ድምፅ ነበራት፤ ኋላ አንዱ ቃል ላይ ጠፋች፣ ሌላው ላይ ፍ ሆነች፣ አታሚው ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ማተሚያ ከከፈተ በኋላ ግን አጻጻፉ እየረጋ ሄዶ እዚያው ቀረ።

ይህን ሁሉ አስረድቼው ልጁ ላጲሱን አውጥቶ ጂ ኤቿን ከደብተሩ አጠፋት። መልሼ አስጻፍኩት።