ሁለተኛው ምስክርነቴ

ይሄ ሁለተኛ ምስክርነቴ ነው። የመጀመሪያውን ከ12 ዓመት በፊት ጉባኤ ፊት ቆሜ ሰጥቼዋለሁ። እልልታው ደምቆ ነበር፣ ጭብጨባውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲጋራ ለኮስኩ። ስለዚህ አሁን ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው፣ ያልሆነውን ሆነ ብዬ እንዳላወራ።

በሽታዬ ሲኦፒዲ ይባላል። የሳንባ የአየር ቱቦዎች ይጠባሉ፣ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ይፈራርሳሉ፣ የፈረሰው ደግሞ ተመልሶ አይሠራም። ሁሉም በሲጋራ አይደለም የሚይዘው። የማገዶ ጭስ ያመጣበት አለ፣ የሥራ ቦታ አቧራ ያመጣበት አለ፣ አልፋ ዋን አንቲትሪፕሲን የሚባለው ፕሮቲን በዘር አንሶበት የሚታመምም አለ። እኔ ሰበብ የለኝም። 30 ዓመት አጭሻለሁ። በ54 ዓመቴ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ዓይኔ ይጨልም ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ምንም ሳትናገር ገመድ የሌለው ጫማ ገዝታ አልጋው ሥር አስቀመጠችልኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሌሊት ትንፋሼ አልመለስ ብሎ ሆስፒታል ገባሁ። ጠዋት ላይ የደም ውጤቴን ወረቀት አልጋዬ ጫፍ ላይ ትተውት ሄዱ። ስልኬን አወጣሁ፣ ጣጣው ከዚያ ጀመረ። ሲአርፒ ከሚለው ጎን፣ ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚበዛ ፕሮቲን ነው፣ 96 ተጽፏል፣ ከ96ቱ ጎን ደግሞ ኤች የምትል ፊደል አለች። ከልክ በላይ ነው ማለት ናት፤ ወረቀቱ ላይ ልኩ ከ5 በታች ነው የሚለው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፋይብሪኖጅን፣ ኤች። ነጭ የደም ሴል፣ ኤች። ስልኩ ደግሞ ሲኦፒዲ ካለባቸው ሰዎች መሃል እነዚህ ነገሮች ደማቸው ውስጥ የበዙባቸው ቶሎ ቶሎ እንደሚታመሙና ዕድሜያቸውም እንደሚያጥር ነገረኝ። ውሸት አይደለም፣ በትልልቅ ጥናቶች የታየ ነው። እኔ ግን ያነበብኩት እንደ ሞት ፍርድ ነበር። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ "ጌታ ሆይ፣ ይሄን ቁጥር አውርድልኝ" ብዬ አለቀስኩ። ሲጋራውን አላነሳሁበትም። ረስቼው አይደለም፣ አውቄ ነው የዘለልኩት።

ቁጥሩ ወረደ። በሳምንቱ 20 ገባ። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ መሰከርኩ።

ሐኪሜ፣ ልጄ የምትሆን ወጣት፣ ስነግራት ፈገግ አለች። "ጋሼ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን 96 ያደረሰው የደረት ኢንፌክሽኑ ነው። ሲአርፒን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ሰውነት ሲቆጣ በሰዓታት ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁጣው ሲበርድ ይወርዳል። የእርስዎን እውነተኛ ቁጥር የምናውቀው ሲረጋጉ ነው፤ ከ2 ወር በኋላ ይምጡ" አለችኝ። እምነቴን የነካችብኝ መሰለኝና ተቀይሜያት ወጣሁ። ቀጠሮውን አልሄድኩም። ቁጥሩ ወርዶ የለ? አንድ ሲጋራ ምን ያደርጋል አልኩ። አንዷ ግን አንድ ሆና አትቀርም፣ ያጨሰ ያውቀዋል።

በአራተኛው ወር ተመልሼ ሆስፒታል ገባሁ፣ ከበፊቱም ብሶ። ከዚያ ስወጣ ነው ቀጠሮ ማክበር የጀመርኩት። ተረጋግቼ ስለካ ሲአርፒ 13 ነው። ኢንፌክሽን የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ኤችዋ ግን አለች። ሳንባዬን የለካንበት ስፓይሮሜትሪ ደግሞ፣ ያ "ይንፉ! ይንፉ! ይንፉ!" እያሉ የሚጮሁብህ፣ በመጀመሪያው ሴኮንድ የማወጣው አየር በእኔ ዕድሜና ቁመት ካለ ጤነኛ ሰው 31 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ። ከእጄ አንጓ የደም ቅዳ የወሰዱት ደም ውስጥ የኦክስጅኑ ግፊት 52 ሆነ። 55 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቤት ውስጥ ኦክስጅን ያስፈልጋል ተባልኩ፣ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት።

"ስንት ዓመት ቀረኝ?" አልኳት።

"ይሄ ወረቀት ያንን አይነግረንም" አለች። "እንደ እርስዎ ያሉ 100 ሰዎች ቢሰለፉ በግምት ስንቱ እንደሚቀሩ ይናገር ይሆናል። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አያውቅም። እኔ ከደሙ ይልቅ በ6 ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚራመዱ፣ ክብደትዎ እየቀነሰ እንደሆነ፣ ደረጃ ላይ ስንቴ እንደሚያርፉ ባውቅ ይሻለኛል። ኦክስጅኑ ግን ዕድሜ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ፣ በ1981 ደግሞ በእንግሊዝ የወጡ ጥናቶች አሉ።"

15 የሚለውን ስሰማ ንጉሥ ሕዝቅያስ ትዝ አለኝ። ለእሱም 15 ዓመት ነበር የተጨመረለት። ደግሞ ብዙዎቻችን እንዘለዋለን እንጂ፣ ጸሎቱ ከተሰማለት በኋላም እባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አድርጉለት ተብሎ ነው የዳነው።

ማሽኑን ሊገጥም የመጣው ልጅ ቤቱ ሲጋራ ሲጋራ መሽተቱን ሳያውቅ አልቀረም። ቱቦውን ሳይከፍት እጁ ላይ እንደያዘ "አባቴ፣ ኦክስጅን ባለበት እሳት ከለኮሱ ፊትዎ ላይ ነው የሚነደው" አለኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ማንንም አላየሁም፣ ወለሉን ነው ያየሁት።

ያን ሌሊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ማሽኑ ይንጎራጎራል፣ ቱቦው አፍንጫዬ ላይ ነው። መሳቢያ ውስጥ የደበቅኩትን ፓኮ አውጥቼ አንዷን ሲጋራ በጣቶቼ መሃል ይዣለሁ። ክብሪቱን ፍለጋ ለመነሳት ቱቦውን መንቀል አለብኝ። እጄ ወደ ቱቦው ሄደ። እዚያው ቆመ። ያኔ ነው ሱሴን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የጠራሁት። "ጌታዬ፣ ቁጥሩን ተወው። ሲጋራ ነው የያዘኝ። እጄን ያዝልኝ" አልኩ። ረጅም ጸሎት አልነበረም፣ ለረጅም ጸሎት የሚሆን ትንፋሽም አልነበረኝም። ሲጋራዋን ሳላውቀው ጨምድጃት ኖሮ ትምባሆው መዳፌ ላይ ተበተነ። ባለቤቴን ቀሰቀስኳትና ፓኮውን ሰጠኋት።

ሱሱ በቅጽበት ለቀቀኝ ብዬ ብመሰክር ደስ ባለኝ። አለቀቀኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የቤት ሰው አስመርሬያለሁ፣ የኒኮቲን ፕላስተር ለጥፌያለሁ፣ ላብ አጥምቆኛል። ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድም አላጨስኩም። ስድስት ጊዜ ሞክሮ ስድስት ጊዜ የወደቀ ሰው ነኝ፤ በራሴ ጉልበት ነው ብል የሚያውቁኝ ይስቁብኛል።

አሁን 66 ዓመቴ ነው። ሳንባዬ አልታደሰም። 31 የነበረው ዛሬ 27 ነው። ለእኔ ተአምሩ 4 ብቻ መውረዱ ነው፤ ማጨስ የሚቀጥል የታመመ ሳንባ ያቆመው ከሚያጣው እጥፍ ገደማ በየዓመቱ ያጣል። በ6 ደቂቃ 190 ሜትር እንኳ ሳልሞላ ግድግዳ ይዤ እቆም ነበር፣ ከአካል ማጠናከሪያው ሥልጠና በኋላ 310 ደረስኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ዓመት ሦስቴ በሽታው አገረሸብኝ። ያቺው ሐኪም የደም ውጤቴን አንስታ እስክሪብቶዋን አንዲት ቁጥር ላይ አዞረች። ኢኦሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት፣ 340። ኤች የላትም፣ ልክ ውስጥ ናት፣ ስለዚህ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ሲኦፒዲ ኖሮበት ቶሎ ቶሎ የሚያገረሽበት ሰው ይቺ ቁጥር 300 ከደረሰች በኢንሄለር የሚሳበው ስቴሮይድ ይጠቅመዋል፣ ከ100 በታች ከሆነች ግን ብዙም አይረባውም አለችኝ። ኢንሄለሬን ለወጠችው። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል የተኛሁት አንዴ ብቻ ነው። ቤት ገብቼ የድሮውን ወረቀት ፈለግኩ፣ ያ የመጀመሪያ ቀጠሮ ያከበርኩበትን። ቁጥሯ እዚያም ነበረች፣ 320። ያኔ ለእኛ በሽታ ብሎ የሚያያት እምብዛም አልነበረም። እኔ ኤች ኤች እያልኩ ስንቀጠቀጥ እሷ ሁለት መስመር ዝቅ ብላ ተቀምጣ ነበር። እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ጌታን አመሰገንኩት፣ ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው እስክትለኝ።

ባለፈው ወር ሲአርፒ 7 ነበር። ኤችዋ አለች። ተላምደናል።

በዚህ ሳምንት ባለገመድ ጫማ ገዛሁ። ሥልጠናው ላይ እንዳስተማሩኝ ጎንበስ አልልም፤ እግሬን በርጩማ ላይ አወጣና ከንፈሬን ሾል አድርጌ ቀስ ብዬ አየሩን እያወጣሁ አስራለሁ። ባለቤቴ ልርዳህ ትላለች፣ ተይኝ እላታለሁ። አንዱን አስሬ ትንሽ አርፋለሁ፣ ከዚያ ሌላውን።