ከዱዓው በኋላ

እኛ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ያለ ዱዓ አይከፈትም። ወሎ ነዋ! በዕድሜ የሚበልጡት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ግማሻችን «አሚን» እንላለን፣ ግማሻችን «አሜን»። ማን የቱን እንዳለ ልብ ብሎ የሚያዳምጥ የለም። እኔ ራሴ ማተብ አስሬ «አሚን» የምል ነኝ። የሙስሊም ጎረቤት ጉያ ውስጥ ያደገ ሰው አፉ እንደለመደው ነው።

ዛሬ ማታ ቡናዬን ይዤ የማሰላስለው ግን ስለ ዱዓው ሳይሆን ከዱዓው በኋላ ስለሚሆነው ነው። ሁለት ተኩል ላይ «ለሰው የምንጠቅም አድርገን» ብለን ተመራርቀን እንለያያለን። ሦስት ሰዓት ላይ በር ላይ የቆመውን ባለጉዳይ ቀና ብለን እንኳ ሳናይ «ነገ ተመለስ» እንላለን። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያ ሁሉ ምርቃት የት ገባ?

ቡድን መሪ ከሆንኩ ወዲህ ይኼ ነገር ይከነክነኛል። ድሮ የራሴን ጠረጴዛ ካጸዳሁ በቂ ነበር። አሁን የሌላውም ጠረጴዛ እኔን ይመለከተኛል።

መልስ የሚመስል ነገር የማየው መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤቱን የያዙት ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ነው የቀራቸው። ፋይል ከመደርደሪያ ሲያወርዱ «ቢስሚላህ» ይላሉ። ድምፅ የለውም፤ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አቧራውን በመዳፋቸው ጠረግ ያደርጋሉ። ጠርዙ ተቀዶ ከሆነ በፕላስተር ይለጥፉታል፤ ክሩ ላልቶ ከሆነ ፈተው እንደገና ይቋጥሩታል። ከዚያ በኋላ ነው የሚከፍቱት። ባለጉዳዩ ቆሞ ይጠብቃል እንዳትሉኝ። እጃቸው ፈጣን ነው፤ እኔ ኮምፒውተሬን እስክከፍት እሳቸው ጨርሰዋል።

ባለፈው ሳምንት ከኩታበር በኩል አንዲት እናት መጡ። ከጋሼ በፊት የነበረው ተረኛ «ፋይልዎ የለም» ብሎ መልሷቸዋል። ጋሼ ወንበር ሳቡላቸውና ጠየቁ።

«እናቴ፣ ፋይሉ መጀመሪያ ሲከፈት ማን ነበር የመጣው?»

«ባለቤቴ ነበር፤ አላህ ይዘንለትና።»

ጋሼ ሌላ አልጠየቁም። ወደ ጓዳው ገብተው በሟቹ ስም ሲፈልጉ ፋይሉ ተገኘ። ችግሩ ግን በዚህ አላለቀም፤ ፈራሚው የለም። እኛ ጋ እንዲህ ሲሆን የተለመደው መልስ «ነገ ይምጡ» ነው። ጋሼ እንዲህ አሏቸው፦ «አብሽሪ እናቴ፣ ፋይልሽ ተገኝቷል። የሚፈርመው ሰውዬ ለስብሰባ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ ሐሙስ ከሰዓት ነው የሚገባው። ነገ ብትመጪ የመኪና ብር ነው የምትከስሪው። ዓርብ ጠዋት ነይ።» በቁራጭ ወረቀት ላይ ስልካቸውን ጽፈው ሰጧቸው። ሴትዮዋ ጉዳያቸው ሳያልቅ ነው የሄዱት። ግን መርቀው ሄዱ።

ጋሼ ምንም የተለየ ነገር አላደረጉም። ፈራሚውን ከኮምቦልቻ ማምጣት አይችሉም። የቻሉትን አደረጉ፤ ሴትዮዋ ለምን እንደሚመለሱ አውቀው እንዲመለሱ አደረጉ። ለእኔ መንፈሳዊነት ሥራ ቦታ ላይ ሲገባ መልኩ ይኼ ነው። ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ጥቅስ ይልቅ ይኼኛው ያሳምነኛል።

ጋሼን ሳይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ትዝ ይለኛል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ተያይዟል። ሴት አይገባም፤ እኔ ከበር ወዲህ ሆኜ ነው የማውቀው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው አስተምረዋል፤ በእሳቸው ዘመን የተጻፈው አራቱ ወንጌልም የታወቀ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከወንጌሉ በፊት ያለው ሥራ ነው። ቆዳ መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብዕር መቅረጽ፣ አጎንብሶ ፊደል በፊደል መገልበጥ። ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሰዓት ከመቋሚያው ርቀው እዚያ ላይ ባላጠፉት። መገልበጡም ጸሎት ነበር። የጋሼ ፕላስተርም ከዚያ ወገን ይመስለኛል፤ ሃይማኖታቸው ሌላ ቢሆንም።

በቀደም «አገልጋይ መሪነት» የሚል ሥልጠና ወስደን ነበር። አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ስለ አበል ነው። (መልሱ «በሥልጠናው ማብቂያ ይነገራል» ነበር፤ እስካሁን አልተነገረም።) ሐሳቡ ግን ጥሩ ነው። ሮበርት ግሪንሊፍ የሚባል አሜሪካዊ ነው ያስፋፋው። ዕድሜውን ኤቲ ኤንድ ቲ በሚባለው ትልቁ የስልክ ኩባንያ ሠርቶ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 ጻፈው። የመሪ ፈተናው እሱ ዘንድ አጭር ነው፦ የምታገለግላቸው ሰዎች ከአንተ ጋር ሆነው ያድጋሉ ወይስ ያንሳሉ? ከሁሉ በታች ያለውስ ሰው ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? ሰውዬው ኩዌከር ነበር። ኩዌከሮች በጥንቱ ልማዳቸው በዝምታ ተቀምጠው የሚያመልኩ ክርስቲያኖች ናቸው። እኛ እጅ ዘርግተን፣ እነሱ ዝም ብለው።

ከእኔ ጎን የተቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ጆሮዬ ላይ «ይኼንን ለመስማት አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደን?» አለኝና የሰይዲና ዑመርን ታሪክ ያወራኝ ጀመር። ኸሊፋ ሳሉ ሌሊት ሲዞሩ ልጆቿ በረሃብ የሚያለቅሱባት ሴት አገኙ። ተመልሰው የዱቄት ጆንያ ጀርባቸው ላይ ጫኑ። ረዳታቸው «እኔ ልሸከምልዎ» ሲላቸው «የቂያማ ቀን ሸክሜን አንተ ትሸከምልኛለህ?» አሉት ይባላል። እኔም በአጸፋው የጸሎተ ሐሙስን ነገርኩት። ቄሱ ጎንበስ ብሎ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመኑን እግር ያጥባል። ዓመቱን ሙሉ መስቀል የምንሳለመው ሰው ያን ቀን እግራችን ሥር ነው። ልጅ ሆኜ ያፍረኝ ነበር፤ እግሬን ወደ ኋላ እሰበስብ ነበር። ሥልጠናውን ሁለታችንም ከዚያ በኋላ አልሰማነውም።

አንድ ነገር ግን መጻፍ አለብኝ። «መንፈሳዊነትን ወደ ሥራ ማምጣት» ሲባል የሚያስፈራኝም አለ። ሌላ ከተማ ስሠራ አንድ አለቃ ነበረን፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ረዘም ያለ ጸሎት በራሱ እምነት ያደርሳል። ግዴታ አይደለም ይላል። ማን እንደቀረ ግን ያውቃል። ሥልጠናውም፣ ፈቃዱም፣ የመስክ ሥራውም ውሎ አድሮ ወዴት እንደሚያዘነብል ሁላችንም እናይ ነበር። አለቃ እጁን ሲዘረጋ የበታቹ እጅ ሳይወድ ይዘረጋል። ያ ጸሎት አይባልም፤ የፊርማ ሰዓት ነው።

እዚህ ወሎ ዱዓው እንዲያ የማይሆንበት ምክንያት አለው ብዬ አስባለሁ። የሚመርቀው አለቃው አይደለም። በዕድሜ የገፋው ሰው ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚመርቁት ወይ ጋሼ ናቸው፣ ወይ የጥበቃው ሽማግሌ። ኃላፊያችን አንገቱን ደፍቶ ይመረቃል። ያቺ ደቂቃ ማዕረግ ትገለብጣለች። ታዲያ ከደቂቃዋ በኋላ ማዕረጉ ወዲያው ወንበሩ ላይ መቀመጡ ነው ችግሩ።

ማዕረግ የሌለበትን አመራር ለማየት ቅሬ ነው የምሄደው። አዲስ አበባ ያላችሁ እድር የምትሉት ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም በአንድ ቅሬ ነን። ቀብር ላይ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ ይሸኙናል፣ እኛም መቃብሩ ድረስ። የቅሬያችን ዳኛ ደመወዝ የላቸውም፤ ቢሮም የላቸውም። ያላቸው አንድ ጥግ ጥጉ የተላጠ ደብተር ነው። በ2014 ጥቅምት ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ብዙው ሰው ወደ መሀል አገር ሸሽቶ ነበር። እሳቸው አልሄዱም። ማን ቤት በሽተኛ አለ፣ ማን ቤት እህል አልቋል፣ ያችው ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። ያለው ለሌለው እንዲያካፍል በር እያንኳኩ ይለምኑ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ስትለቀቅ ደብተሯ ላይ ባዶ ገጽ አልቀረም ነበር።

ስለ እሳቸው አንድ ነገር ልጨምር። ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ደንብ ነው። ዳኛችን ግን ቅጣቱን ከመጻፋቸው በፊት የቀረው ሰው ቤት ይሄዳሉ። «ምን ነካህ? ደኅና ነህ ወይ?» ይላሉ። ምክንያት ካለው ምክንያቱን ይጽፋሉ፤ ከሌለው ብሩን። ጨካኝ አይደሉም፣ ልፍስፍስም አይደሉም። የሰነፈውን ያስከፍላሉ። ግን ማንም «ሳይጠይቁኝ ቀጡኝ» ብሎ ሲያማቸው ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ጋ ያለው የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ፎርም ሌላ ነው። ስም፣ የመግቢያ ሰዓት፣ የመውጫ ሰዓት፣ ፊርማ። ያረፈደ ሰው ላይ ቀይ ምልክት ይደረጋል፤ በወሩ መጨረሻ ይቆረጣል። አንዷ ልጅ ሰሞኑን እያረፈደች ቀይ በቀይ ሆና ነበር። ጠርቼ ጠየቅኳት። እናቷ ታማ ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል ታደርሳለች። ከእኛ ክፍል ይኼንን የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም አልተናገረችም። ማን ጠይቋት! የመግቢያ ሰዓቷን ገፋ አድርገን ማታ እንድታካክስ ተስማማን።

ፎርሙ ላይ «ምክንያት» የሚል ዓምድ እንዲጨመር የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቄ ነበር። «ፎርሙ ከላይ የወረደ ነው፣ አይነካም» አሉኝ። እኔም ማስመሪያ አንሥቼ ከፊርማው ጎን በስክሪፕቶ አሰመርኩት። ትንሽ ጠባብ ናት፤ ሁለት ቃል ነው የምትይዘው። ኦዲተር እስኪመጣ ድረስ እንሠራባታለን።