ቁጭ በል፣ ቡና ጠጣ

የምሠራው ሚኒሶታ ውስጥ ነው፤ ከሚኒያፖሊስ ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ሥጋ ቤት። ሥጋ ቤት ስላችሁ ቁርጥና ጥብስ አዝዛችሁ የምትቀመጡበት እንዳይመስላችሁ። ገበሬው ከብቱን ያመጣል፣ አዳኙ አጋዘኑን ያመጣል፣ እኛ ገፈን፣ ብልት በብልት አውጥተን፣ ጠቅልለን፣ አቀዝቅዘን እንመልሳለን። በየጥቅሉ ላይ «ለሽያጭ አይደለም» የሚል ማኅተም እንመታለን። የዱር አጋዘን ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው። ባለቤቱ ይበላዋል ወይ ለሰው ይሰጠዋል፣ አለቀ።

የቀስት አደን ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር 31 ክፍት ነው። መሀሉ ላይ፣ ኖቬምበር ውስጥ፣ የጠመንጃው ይገባል። ያኔ እኛ ጋ እንቅልፍ የለም፤ ፒካፑ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ይሰለፋል፣ ወገቤ ይቆረጣል፣ ቤት ስገባ ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሹኛል። የቀስቶቹ ግን አንድ አንድ እያሉ ነው የሚመጡት።

አሁን አብዛኛው የቀስት አዳኝ የሚይዘው ባለ መዘውር ቀስት ነው። አለን የሚባል የሚዙሪ ሰው በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበት። አንዴ ከሳብከው መዘውሩ አብዛኛውን ክብደት ስለሚሸከምልህ፣ ተረጋግተህ በማነጣጠሪያው አይተህ ትለቃለህ። የድሮው ዓይነት እንጨትና አውታር ብቻ ነው። ሃያ ምናምን ኪሎ በጣትህ ስበህ፣ ያንኑ ክብደት እንደያዝክ ነው የምትወረውረው፤ ክንድህ እስኪንቀጠቀጥ የምታስብበት ጊዜ የለህም። ስለዚህ አጋዘኑ ሃያ ሜትር ውስጥ ካልገባ አይሞከርም። ያን ያህል ሲቀርብህ ደግሞ ጣትህን ብታነቃንቅ ያይሃል።

በዚህ በድሮው ብቻ የሚያድኑ አንድ ደንበኛ አሉን። ሰባን የተሻገሩ፣ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ቀስታቸውን ኦሴጅ ኦሬንጅ ከሚባል ቢጫ እንጨት ራሳቸው ጠርበው ነው የሠሩት። እዚህ ትልቁም ትንሹም በስሙ ነው የሚጠራው። እኔ ግን አፌ አልለመደልኝም፣ በሆዴ «ጋሼ» ነው የምላቸው።

ዘንድሮ ለጋሼ አልሆነላቸውም። ሱቅ ሲመጡ «እህስ?» እላቸዋለሁ። «አይቼው ነበር፣ ሩቅ ነው» ይላሉ። ሌላ ጊዜ «ቀርቦ ነበር፣ ግን ፊቱን ወደኔ አዙሮ ቆመ» ይላሉ። ፊት ለፊት የቆመ አጋዘን ላይ አይወረውሩም፤ ደረቱ አጥንት ነው። አንድ ቁራጭ አይብ ገዝተው ይሄዳሉ። አለቃዬ «ሰውዬው ዘንድሮ ጠመንጃ ቢያነሱ ይሻላቸው ነበር» ትለኛለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ጎረምሳ ያመጣው ነገር ደግሞ ነበር። አመሻሽ ላይ በቀስት መታው፣ ወዲያው እየሮጠ ተከተለው። አጋዘኑ ተኝቶ ከነበረበት ተነሥቶ ሄደ። ልጁ እንደገና ተከተለ፣ አጋዘኑም እንደገና ተነሣ። ጨለመና ጠፋበት። በማግስቱ ሲያገኘው ኮዮቴዎች፣ ቀበሮ መሳይ አውሬዎች፣ ቀድመውታል። እኛ ጋ ሲደርስ አንዱ ታፋ ተግጦ አጥንቱ ይታያል፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ ስንገፈው ደግሞ ከጎድኑ ወደ ውስጥ አረንጓዴ ሆኗል። ሙሉውን ጣልነው። ልጁ ቆሞ ሲያይ ነበር፣ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

እንግዲህ ዲሴምበር 31 መጣ። የወቅቱ የመጨረሻ ቀን፣ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ። ቶሎ ዘግተን ልንወጣ ወለሉን ስናጥብ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። «መታሁ። ግን ብቻዬን ጎትቼ የማወጣው አይመስለኝም፣ ሰው ብትልኩልኝ።» አለቃዬ ወደኔ ዞረች። «ትርፍ ሰዓት እከፍልሃለሁ።» ትርፍ ሰዓት ከተባለ በኋላ ምን ይባላል፤ ቁልፉን አነሣሁ።

ስደርስ ጋሼ የመኪናቸውን የኋላ በር ከፍተው፣ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ ከፔርሙዝ ቡና እየቀዱ ነው።

«የት አለ?» አልኩ።

«አላውቅም። ቁጭ በል፣ ቡና ጠጣ።»

አጠገባቸው ፍላጻው ተጋድሟል። የእንጨት ዘንግ፣ ጭራው ላይ የተርኪ ላባ፣ ጫፉ ላይ እንደ ምላጭ የተሳለ ብረት። አንሥተው አሸተቱት፣ ከዚያ ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት። ምንም አይሸትም። ደሙ ጠቁሯል፣ የወይን ጠጅ አተላ ይመስላል።

«ደማቅ ሆኖ አረፋ ቢኖረው ሳንባ ነው» አሉኝ፤ «ግማሽ ሰዓት ቆይተን እንሄድ ነበር። አረንጓዴ ነገር ቢኖረውና ቢሸት አንጀት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ መተው ነው። ይሄ ጉበት ነው። አራት አምስት ሰዓት እንጠብቃለን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይት በድንጋጤውና በጉልበቱ ይጥላል፤ ፍላጻ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። የተመታ አጋዘን ካልተባረረ ትንሽ ሄዶ ይተኛል፣ እዚያው ይሞታል። ከተባረረ ግን ተነሥቶ ያለ የሌለ ኃይሉን ይጠቀማል፣ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል፣ ደሙም ይቆማል። የጎረምሳው አጋዘን ታሪክ ያኔ ገባኝ።

በዚህ መሀል በረዶ መጣል ጀመረ። እኔ ተቁነጠነጥኩ። «ዱካው ይሸፈናል እኮ» አልኳቸው። ደም ያዩበት ቦታ ሁሉ ቁጥቋጦው ላይ ሶፍት እያሰሩ እንደመጡ፣ የመጨረሻው ጠብታ ጋ ሲደርሱ ወደ ኋላ እንደተመለሱ ነገሩኝ። «ብርዱ ደግሞ ለሥጋው ፍሪጅ ነው። ሴፕቴምበር ቢሆን ኖሮ እኔም እቁነጠነጥ ነበር።» ይህን ሲሉ ግን ሰማዩን ሁለቴ አዩት። እሳቸውም ፈርተዋል።

መኪናው ውስጥ ገብተን ማሞቂያውን ለቀቅነው። ቋንጣ አወጡ። የራሳቸው ነው፣ የዓምናው አጋዘን። «ጾም ነኝ» አልኳቸው። ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም እስከ ጃንዋሪ 7 ድረስ እንደማልቀምስ ስነግራቸው አፍጥጠው አዩኝና «ታዲያ ስለ መጠበቅ ለአንተ ምን አስረዳሃለሁ!» ብለው ሳቁ። እኔ ባዶ ቡናዬን ይዤ ቀረሁ።

ጊዜው እንዲገፋ ብዙ አወሩኝ። ከሁሉ በልቤ የቀረው የኢሺ ታሪክ ነው። በ1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኦሮቪል አጠገብ፣ ወገኖቹ ሁሉ በነጭ ሰፋሪዎችና በበሽታ ያለቁበት ያሂ ከሚባል የአገሬው ነባር ሕዝብ አንድ ሰው፣ ኢሺ፣ ብቻውን ከጫካ ወጣ። ሳን ፍራንሲስኮ ወስደው ሙዚየም ውስጥ አኖሩት። ያክመው የነበረ ሳክስተን ፖፕ የሚባል ሐኪም ቀስት መሥራትና ማደን ከእሱ ተማረ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ዛሬ በእንጨት ቀስት የሚያድኑት አሜሪካኖች ሐረጋቸውን እዚያ ድረስ ይቆጥራሉ። ጋሼ ይህን የነገሩኝ በኩራት ነው። እኔ ሰውዬው ሕዝቡ ካለቀ በኋላ የገዳዮቹን ልጆች ማስተማሩ ነው የከነከነኝ፤ ግን ዝም አልኩ፣ የሰው መኪና ውስጥ ነኝ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ «እንሂድ» አሉ። ቀስቱን መኪና ውስጥ ተዉት፤ ማታ በባትሪ የተመታ ስንፈልግ መሣሪያ በእጃችን መኖር የለበትም አሉኝ። በረዶው ቁርጭምጭሚት አልደረሰም፣ ግን ደም የሚባል አይታይም። ሶፍቶቹ ብቻ ናቸው የሚመሩን። የመጨረሻው ጋ ስንደርስ እኔ ወደ ቀኝ ወደ ክፍቱ ሜዳ ላመራ ስል ክንዴን ያዙኝ። «የቆሰለ አጋዘን መሸሸጊያ ነው የሚፈልገው» ብለው በግራ በኩል ወዳሉት ጥዶች አመለከቱ። መቶ እርምጃ እንኳ አልሄድንም። ትልቅ ሴት አጋዘን፣ ጥድ ሥር ኩርምት ብላ፣ ጀርባዋ ላይ በረዶ ተጋግሯል። ከሥሯ አንድ መኝታ ብቻ ነው ያለው። አንዴ ተኛች፣ አልተነሣችም።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ዘራፍ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ክው አሉ። እኛ አገር ያደነ ሰው እንደሚፎክር አስረዳኋቸው። አሰቡና፣ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ በዚያ በሚኒሶታ አፍ «ዘራፍ» አሉ። ሞታ ያገኘናት ባትሆን ኖሮ ያን ጊዜ ብድግ ብላ ትሮጥ ነበር።

እየጎተትን አወጣናት። ጋሼ እዚያው በስልክ አስመዘገቧት፤ ቁጥሩ ሳይመጣ አለቃዬ ቢላዋ አታስነሣም። ሱቅ ስንከፍታት ጉበቷ መሀል ለመሀል ተሰንጥቋል፣ አንጀቷ አልተነካም። ከጉሮሮዋ ዕጢ ናሙና ተወስዶ ለምርመራ ተላከ። የአጋዘን አንጎል የሚያበላሽ በሽታ አለ፣ መጀመሪያ ኮሎራዶ ውስጥ በ1967 የታየ። ሰው ላይ መተላለፉ የተረጋገጠ አይደለም፣ ግን የተገኘበትን አትብሉ ነው ምክሩ። እኛም ጀርባ አጥንቱን በመጋዝ አንነካም፣ ሥጋውን ከአጥንት ለይተን ብቻ እናወጣለን። ውጤቱ ነጻ ሆኖ መጣ።

ዘንድሮ ከተሠራው ሥጋ ሁሉ ያቺን የመሰለ አላየሁም። ንጹሕ፣ ጥቁር ቀይ፣ ሽታ የሌለው። አሁን ስልኩን እኔ ሳነሣ አንዱ እያለከለከ «መታሁት፣ እየተከተልኩት ነው» ሲለኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው የፍላጻውን ደም ነው። ከዚያ ቁጭ በል እለዋለሁ። አንዳንዱ ይሰማል፣ አንዳንዱ «አንተ ማነህ» ይለኛል።

ጋሼ አንዱን ፊሌቶ ሰጡኝ። ገና ድረስ ፍሪዘር ውስጥ ቆየ። እናቴ በስልክ «በማን እጅ ታረደ?» አለችኝ። አልታረደም፣ በቀስት ነው ብላት ዝም አለች፤ ዝምታዋን ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ ለገና ጠበሰችው፣ እንግዶቹ ግማሾቹ በሉ፣ ግማሾቹ ዶሮው ላይ ተረባረቡ። ስብ ስለሌለው ትንሽ ደርቆ ነበር፣ ቅቤ ይበዛለታል። ትርፍ ሰዓቱን አለቃዬ ከፍላኛለች፤ መኪና ውስጥ ቡና የጠጣሁበትን ሰዓት ግን እስካሁን እየተከራከርን ነው።